ያልታጠበው የባሻ ምንይችል ሽጉጥ

ኑ፣ ቅረቡ፣ ተጠጉ! ጆሮ ያለው ጆሮውን ይዞ ይምጣ፤ እንቅልፍ የያዘው እንቅልፉን ደጅ ጥሎ ይግባ። የምነግራችሁ ነገር ያበሳጫል። እኔ ስንት ጊዜ እንዳወራሁት እንጃ፣ ባወራሁት ቁጥር ደሜ ይፈላል። መሳቅ የፈለገ ይሳቅ፤ እኔም እስቃለሁ፤ ግን ተናድጄ ነው የምስቀው፣ ይሄን እወቁልኝ።

ዝግባ አምባ በሚባል አገር እትዬ አንጓች የሚሏት ሴት ነበረች። ባሏ ባሻ ምንይችል ሞቶባታል። የቀሯት አንዲት ልጇ የሺሐረግና ግድግዳው ላይ የተሰቀለው የባሻ ሽጉጥ ናቸው። ሽጉጡ ደግሞ የዛሬ ጊዜ ሽጉጥ እንዳይመስላችሁ! ሆዱ የሚሽከረከር ነው፤ ሆዱ ላይ ስድስት ጉድጓድ አለው። በየጉድጓዱ ባሩድ ይጨመራል፣ በባሩዱ ላይ ድቡልቡል የእርሳስ ጥይት ይጠቀጠቃል፣ በእርሳሱ ላይ ሞራ ይለቀለቃል፣ ከኋላው ደግሞ ጢንጥዬ የመዳብ ቆብ ትደፋለታለች። መምቻው ቆቧን ሲመታት ጧ ትላለች፤ ባሩዱ ይነሳል፤ እርሳሱ ይሄዳል። እንዲህ ያለ ባለጠባይ ነው። ካላባበሉት እሺ አይልም።

በዝግባ አምባ ልማድ አለ። ሙሽራ የአባቷ ቤት ጠመንጃ ሳይጮኽላት ደጃፍ አትሻገርም። አባት ከሌለ እናት ትተኩሳለች። የሚያሰናዳውም የቤቱ ሰው እጅ ነው፤ እንግዳ አይነካውም። ሙሽራዋ እስክትወጣ ድረስ እናት ከግቢ አትወጣም። ፀሐይ ከጠለቀች ደግሞ ሙሽራ አትወጣም። ይሄን ሁሉ አትወጣም አትወጣም ማን እንዳመጣው አላውቅም፤ እኔን ቢጠይቁኝ ግማሹን እሰርዘው ነበር። ማን ይጠይቀኛል!

የሺሐረግ የምትዳርበት ቀን የቅበላ እሑድ ነው። ነገ ሁዳዴ ይገባል። ሁዳዴ ከገባ ሠርግ የለም፤ እስከ ፋሲካ ቁጭ ነው። የሺሐረግ ሙሽራውን ትወደዋለች፣ እሱም ይወዳታል፣ እሱ ላይ ነገር የለም። ነገር ያለው አጎቱ ላይ ነው። አያ ጓንጉል ይባላል፤ ሆዱ ከበቅሎው ቀድሞ የሚደርስ ሰው። በልቶ ጠጥቶ ሲያበቃ በሩ ላይ ቆመና፣

«እትዬ አንጓች! ጠመንጃው ይጩህና እንሂድ እንጂ! እኛ እስከ ፋሲካ የምንጠብቅ ሰዎች አይደለንም። ሴት ልጅ ያለው ቤት ሞልቷል!» አለ።

ሴት ልጅ ያለው ቤት ሞልቷል! እንጀራዋን ጨርሶ፣ ጠጇን ጨልጦ፣ አፉን እንኳ ሳይጠርግ! እስቲ አሁን ይሄ ይባላል?

እትዬ አንጓች ወደ ውስጥ ገባችና ሽጉጡን ከግድግዳ አወረደች። «በል የባሻ ወዳጅ፣» አለችው፣ «ዛሬ ለሴት ልጁ አንዴ ጩህልኝ።»

«አልጮኽም፣ እመቤት፣» አለ ሽጉጡ። ሲያኮርፍ «እርስዎ» ነው የሚላት። «ባሻ የተቀበረ ዕለት በእኔ ተኮሱ። ከዚያ እንደቆሸሽኩ ሰቀሉኝ። ጉሮሮዬን ይዩት! የባሩድ ጥቀርሻ እርጥበት ይጠራል፣ እርጥበት ዝገት ይጠራል። ባሻ እኮ ሳያጥበኝ አድሮ አያውቅም! እንግዳ መጥቶ ቢቆም እንኳ ‹ቆዩማ፣ መጀመሪያ እሱን ልጠበው› ነበር የሚለው። በሙቅ ውሃ ካልታጠብኩ አልተኩስም።»

ሽጉጥ አልተኩስ አለ፣ ሙሽሪት ደጃፍ ላይ ቀረች።

እትዬ አንጓች ወደ እንስራው ሮጠች። «ውሃ ሆይ፣ ሽጉጡን እጠብልኝ።»

«እኔ?» አለ ውሃው ከእንስራው ውስጥ። «በዚህ በቅዝቃዜዬ? ያንን ጥቀርሻ ብነካው አላስለቅቀውም፤ አጨማልቀዋለሁ እንጂ። ከዚያ ‹ውሃው ነው ያበላሸው› ልትሉኝ! ካልሞቅሁ ንክች አላደርገውም። እሳት ያሙቀኝ።»

ከምንጭ ድረስ በጀርባዋ ተሸክማ ያመጣችው ውሃ እኮ ነው! ዳገቱን ሁሉ አዝላው ወጥታ! በእግሩ የመጣ መስሎት ነው መሰል።

ውሃ ሽጉጥ አላጥብ አለ፣ ሽጉጥ አልተኩስ አለ፣ ሙሽሪት ደጃፍ ላይ ቀረች።

ወደ እሳቱ ሄደች። እሳቱ ምድጃ ውስጥ አመዱን ተከናንቦ ተኝቷል። «እሳት ሆይ፣ ተነስ፣ ውሃ አሙቅልኝ።»

«ሂጂ ወዲያ!» አለ እሳቱ አንድ ዓይኑን ገልጦ። «የድግሱን ወጥ ማን ሠራው? እኔ። ዳቦውን ማን ጋገረው? እኔ። ሰዉ ሁሉ ሴቶቹን ‹እጃችሁ ይባረክ› አለ። እሳቱን ‹ይባረክ› ያለ አንድ ሰው ሰምተሻል? ማገዶሽን ጨርሰሻል፤ ባዶ ሆዴን አልነድም። ደረቅ እንጨት አምጪ።»

ኧረ እዚህ ላይ እንኳ ትንሽ እውነት አለው፤ አልዋሽም። ግን አሁን የሚነሳ ነገር ነው ይሄ? ሠርግ ላይ?

እሳት ውሃ አላሞቅ አለ፣ ውሃ ሽጉጥ አላጥብ አለ፣ ሽጉጥ አልተኩስ አለ፣ ሙሽሪት ደጃፍ ላይ ቀረች።

ግቢው ውስጥ የቀረ እንጨት አንድ የወይራ ጉቶ ብቻ ነው። ሰው ሁሉ የሚቀመጥበት። «ጉቶዬ፣» አለችው፣ «ተፈለጥልኝና እሳቱን መግብልኝ።»

«መፈለጡን እፈለጣለሁ፣» አለ ጉቶው ድምፁን ጎርነን አድርጎ፤ ሽማግሌ ሁሉ ሲቀመጥበት ውሎ እሱም ሽማግሌ የሆነ መስሎታል። «ሞት የማይቀር ነው። ግን በዚያች በደነዘች መጥረቢያ አይሆንም! እሷ አትፈልጥም፣ ታኝካለች። ከፈለግሽኝ በአንድ ምት የምትጨርሰኝ አምጪ። ክብር አለኝ።»

ክብር! ሰው ሁሉ የተቀመጠበት ጉቶ ክብር አለኝ አለ!

ጉቶ እሳት አልመግብ አለ፣ እሳት ውሃ አላሞቅ አለ፣ ውሃ ሽጉጥ አላጥብ አለ፣ ሽጉጥ አልተኩስ አለ፣ ሙሽሪት ደጃፍ ላይ ቀረች።

መጥረቢያዋን ከበሩ ጥግ አነሳቻት። «እናቴ፣ እባክሽ አንዴ ጠንከር በዪልኝ፣ ጉቶውን ፍለጪው።»

መጥረቢያዋ ማልቀስ ጀመረች። «ለሠርጉ ያልተዋሰኝ ጎረቤት ማነው? እሱ ወስዶ ዝግባ ቆረጠብኝ፣ እሷ ወስዳ አጥንት ከሰከሰችብኝ፣ አንዱማ ድንጋይ መታብኝ! ሁሉም ተጠቀመ፤ ሲመልሰኝ የሳለኝ የለም። እዪው ስለቴን፤ ቅቤ አይቆርጥም! ካልተሳልኩ አልፈልጥም።»

እኔ ይቺን መጥረቢያ ስሟገትላት ነው የምውለው። ጎረቤቶቻችሁ ዕቃ ሲመልሱ አይታችኋል? ድስቱን ሳይታጠብ፣ ወንፊቱን ተቀዶ፣ መጥረቢያውን ደንዞ። ላይ ላዩን «እግዜር ይስጥልን!» ብቻ። እስቲ ልተወው፤ የኔን ወንፊት አስታወሰኝ።

መጥረቢያ ጉቶ አልፈልጥ አለች፣ ጉቶ እሳት አልመግብ አለ፣ እሳት ውሃ አላሞቅ አለ፣ ውሃ ሽጉጥ አላጥብ አለ፣ ሽጉጥ አልተኩስ አለ፣ ሙሽሪት ደጃፍ ላይ ቀረች።

ከደጅ ሳቅ ተሰማ። ከሚዜዎቹ አንዱ፣ አፈ ጮሌው፣ «ባሻ ብቻ መስሎኝ ነበር የሞተው፤ ሽጉጡም አብሮ ተቀብሯል እንዴ?» አለ። የአያ ጓንጉል ሆድ በሳቅ ሲንቀጠቀጥ እስከ ጓዳ ተሰማ።

እትዬ አንጓች ከንፈሯን ነከሰች። ጎንበስ ብላ የመሳያዋን ድንጋይ ከአልጋ ሥር ጎተተቻት። «ቶሎ በይ፣ መጥረቢያዋን ሳዪያት።»

«ፊቴ ደርቋል፣» አለች ድንጋይዋ። «ደረቅ ፊት ላይ ብረት ሲሄድበት ምን እንደሚመስል ታውቂያለሽ? አርሺኝ።»

«በምን ላርስሽ? ውሃው አድማ ላይ ነው!»

«እንግዲያ ሞራ ቀቢኝ። ሞራ ካልነካኝ አልስልም።» ድንጋይዋ ሙሽራ ናት እንዴ የምትቀባው? ሙሽራዋማ ደጃፍ ላይ ቆማለች!

ድንጋይ መጥረቢያ አልስል አለች፣ መጥረቢያ ጉቶ አልፈልጥ አለች፣ ጉቶ እሳት አልመግብ አለ፣ እሳት ውሃ አላሞቅ አለ፣ ውሃ ሽጉጥ አላጥብ አለ፣ ሽጉጥ አልተኩስ አለ፣ ሙሽሪት ደጃፍ ላይ ቀረች።

ሞራው ከጣሪያው ማገር ላይ በገመድ ተንጠልጥሏል፤ ነጭ፣ ወፍራም፣ የተንደላቀቀ። እትዬ አንጓች አንገቷን ቀና አድርጋ፣ «ሞራዬ፣ ውረድልኝ፤ ድንጋይዋን አርስልኝ፣» አለችው።

«እወርድ ነበር፣» አለ ሞራው፣ «ግን ከሥሬ ማን እንደተቀመጠች አታዪም? ድመትሽ! መሬት ሳልነካ ትውጠኛለች። እኔ ከተበላሁ ደግሞ ወዮልሽ! የሽጉጡን ስድስት አፍ የምዘጋው እኔ ነኝ። እኔ ካልተለቀለቅሁ አንዱ ጉድጓድ ሲተኮስ እሳቱ ወደ ጎረቤቱ ይዘላል፣ እሱም ወደ ጎረቤቱ፤ ስድስቱም ባንዴ ይፈነዳሉ። ያን ጊዜ ልጅሽን በየትኛው እጅሽ እንደምታቅፊያት አያለሁ። ድመቷ ካልተነሳች አልወርድም።»

ልክ ነው። ባሻ ራሱ ባሩድ አጉርሶ ሞራውን ሳይለቀልቅ ቆቧን አይደፋም ነበር። ግን ያን ያህል መንቀባረር ምን የሚሉት ነው? ሞራ ነህ! ሞራ!

ሞራ ከጣሪያ አልወርድ አለ፣ ድንጋይ መጥረቢያ አልስል አለች፣ መጥረቢያ ጉቶ አልፈልጥ አለች፣ ጉቶ እሳት አልመግብ አለ፣ እሳት ውሃ አላሞቅ አለ፣ ውሃ ሽጉጥ አላጥብ አለ፣ ሽጉጥ አልተኩስ አለ፣ ሙሽሪት ደጃፍ ላይ ቀረች።

«ተነሺ ከዚህ!» አለቻት ድመቷን። ድመቷ ዞራም አላየቻት። ገፋቻት፤ ተመልሳ ተቀመጠች። አንስታ ደጅ ወረወረቻት፤ በመስኮት ገብታ ተቀመጠች።

«አንቺ ሴትዮ፣» አለች ድመቷ ጭራዋን እያማታች፣ «ሥራ ላይ ነኝ። እዚህ ጉድጓድ ውስጥ አይጥ አለ። ከጠዋት ጀምሮ አፍጥጬበታለሁ። አሁን ብነሳ ምን ይለኛል? ‹ፈርታ ሄደች› ይላል። ለአገር አይጥ ሁሉ ያወራል! እሱ ካልወጣ እኔ አልነሳም።»

ወተቱን ስትልስ ግን ሥራ ላይ አልነበረችም! የድግሱን ሥጋ ስትሰርቅ ያን ጊዜ ማን አፈጠጠ አይጡ ላይ? ተዉኝ፣ ተዉኝ፣ የድመት ነገር ከተነሳ አላቆምም።

ድመት ከሥሩ አልነሳ አለች፣ ሞራ ከጣሪያ አልወርድ አለ፣ ድንጋይ መጥረቢያ አልስል አለች፣ መጥረቢያ ጉቶ አልፈልጥ አለች፣ ጉቶ እሳት አልመግብ አለ፣ እሳት ውሃ አላሞቅ አለ፣ ውሃ ሽጉጥ አላጥብ አለ፣ ሽጉጥ አልተኩስ አለ፣ ሙሽሪት ደጃፍ ላይ ቀረች።

እትዬ አንጓች የሠርግ ቀሚሷን ሰብስባ በሆዷ ተኛች፤ የሙሽራ እናት፣ በዚያ በአዲስ ቀሚስ! አፏን ከጉድጓዱ አስጠግታ፣ «አቶ አይጥ፣» አለች። አቶ አለችው! ምን ታድርግ፣ ቸግሯት ነው። «እባክህ ውጣልኝ።»

«ልውጣ? ድመት እያየችኝ?» አለ አይጡ። «እትዬ፣ በጭስ አልወጣም፣ በዱላ አልወጣም፣ በልመናም አልወጣም። እኔን ከዚህ የሚያስወጣኝ በዓለም ላይ አንድ ነገር ብቻ ነው።»

«ምንድን ነው? ንገረኝ፣ አመጣዋለሁ!»

«የባልሽ ሽጉጥ። ባሻ የተቀበረ ዕለት ሲጮኽ ከድንጋጤዬ የተነሳ ሦስት ቤት ዘልዬ ነው የቆምኩት። ያ ሽጉጥ ባይተኩስ፣ ቢያስል እንኳ፣ እኔ እዚህ አልገኝም። እሱ ካልጮኸ ግን አልወጣም።»

አይጥ ከጉድጓድ አልወጣ አለ፣ ድመት ከሥሩ አልነሳ አለች፣ ሞራ ከጣሪያ አልወርድ አለ፣ ድንጋይ መጥረቢያ አልስል አለች፣ መጥረቢያ ጉቶ አልፈልጥ አለች፣ ጉቶ እሳት አልመግብ አለ፣ እሳት ውሃ አላሞቅ አለ፣ ውሃ ሽጉጥ አላጥብ አለ፣ ሽጉጥ አልተኩስ አለ፣ ሙሽሪት ደጃፍ ላይ ቀረች።

አያችሁ ጉዱን? ዞሮ ዞሮ ሽጉጡ ጋ! ሽጉጡ እንዲተኩስ አይጡ መውጣት አለበት፣ አይጡ እንዲወጣ ሽጉጡ መተኮስ አለበት! እኔ ብሆን ቤቱን ከነጓዙ አቃጥዬው እሄድ ነበር። እሳቱም አልነድም ይለኝ ነበር እንጂ።

ፀሐይዋ ተራራው ላይ አገጯን አስደግፋለች። አያ ጓንጉል በቅሎው ላይ ወጥቶ ልጓሙን ጎተተ። «በቃ! እስኪመሽብን ተላገዱብን! ተነሱ፣ እንሂድ!» ሙሽራው ልጓሙን ይዞ፣ «ጋሼ፣ ትንሽ፣ ትንሽ ብቻ፣» ይላል። የሺሐረግ ከዓይነ ርግቧ ሥር ሆና፣ «እማዬ፣» አለች ቀስ ብላ፣ «ተይው በቃ። አትልፊ። ካልሆነ ይቀራል።»

ካልሆነ ይቀራል! ልጅ እንዲህ ስትል እናት ምን ይሰማታል? እትዬ አንጓች ዘላ ተነሳች፣ ሽጉጡን አነሳችና ፊት ለፊቱ ጮኸችበት። «ስማ አንተ! ልጄን ልታስቀርብኝ ነው! አይጡም በአንተ፣ ድመቷም በአንተ፣ ሞራውም በአንተ፣ ድንጋይዋም መጥረቢያዋም በአንተ፣ ጉቶውም እሳቱም ውሃውም በአንተ! ሁሉም አንተን ነው የሚያየው!»

«አልታጠብኩማ፣» አለ ሽጉጡ። «ረሱኝ።»

እዚህ ላይ ነው ሴትየዋ የተረታችው። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች፣ ሽጉጡን ጭኗ ላይ አስተኛችው።

«አልረሳሁህም፣» አለች። «ባሻን ቀብረን ስመለስ ጎረቤቶቼ ቀድመውኝ ገብተው ነበር። ልብሱን አጥበውታል፣ ቁርበቱን አራግፈውታል፣ ቤቱን ጠርገውታል። ደግ አደረጉ ብዬ ልመርቃቸው ይሆን፣ ልርገማቸው ይሆን ጨነቀኝ። የሱ ሽታ ያለበት አንድ ነገር አልቀረም። አንተ ብቻ ቀረህ። አፈሙዝህን ሳሸትትህ ባሩድ ባሩድ ትላለህ፤ የሱም እጅ እንደዚያ ነበር። እንዴት ብዬ ልጠብህ? በየትኛው አንጀቴ?»



«ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?» አለ ሽጉጡ። «እርስዎ»ውን ትቶታል፣ ሰምታችኋል?

«አንተስ መቼ ጠየቅከኝ! ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ማኩረፍ ብቻ!»

«እሺ፣ እሺ፣ አትጩሂብኝ። ስሚኝ። በዚህ ጉሮሮ ላይ ባሩድ አልጎርስም፤ ይሄ ኩርፊያ አይደለም፣ አደጋ ነው። ግን ባሻ ከማጉረሱ በፊት ምን ያደርግ እንደነበር አስታውሺ። ባሩድ ሳይጨምር፣ እርሳስ ሳይጨምር፣ ቆቧን ብቻ ደፍቶ ይመታት ነበር፤ የኋላ ቀዳዳዬ እንዲከፈት። ለዚያ መታጠብ አያስፈልገኝም። ተኩስ አይደለም፤ ሳል ነው።»

ሳል! አይጡ ምን ነበር ያለው? ቢያስል እንኳ!

እትዬ አንጓች ስድስቱንም ጉድጓድ አንድ በአንድ አየች፤ ባዶ። አፈሙዙን ወደ ምድጃው አመድ አዞረች፤ ባሻ ባዶውን ሽጉጥ እንኳ ወደ ሰው አያዞርም ነበር። ጢንጥዬዋን የመዳብ ቆብ ደፋችለት። መምቻውን ሳበች። ምላጩን ነካችው።

ጧ!

አይጥ ከጉድጓድ ወጣ! በአያ ጓንጉል በቅሎ ሆድ ሥር አለፈ፤ በቅሎዋ ዘለለች፤ አያ ጓንጉል ወረደ፤ በእግሩ አይደለም የወረደው። ድመት ተነሳች፣ አይጥ ተከተለች፤ ስትዘል ገመዱን መታችው፣ ሞራ ከጣሪያ ወረደ። ሞራ ድንጋይ አራሰ፣ ድንጋይ መጥረቢያ ሳለች፣ መጥረቢያ ጉቶ ፈለጠች፣ በአንድ ምት! ጉቶው «ተመስገን» እያለ ነው ለሁለት የሆነው። ጉቶ እሳት መገበ፣ እትዬ አንጓች «እሳት ሆይ፣ ተባረክ!» አለችው፣ እሳቱም ከደስታው የተነሳ ሊያቃጥላት ምንም አልቀረው። እሳት ውሃ አሞቀ፣ ውሃ ሽጉጥ አጠበ።

አስተጣጠቧን ብታዩ! ሆዱን ከወገቡ ለይታ አወጣችው። በሙቅ ውሃና በእንዶድ ስድስቱን ጉድጓድ አሸች፣ ጉሮሮውን በእንጨት ላይ በጠቀለለችው ጨርቅ ጠረገች፣ የኋላ ቀዳዳዎቹን በዶሮ ላባ ጫፍ ወጋች። ውሃው ጠቆረ፣ እንደ ቀለም ጠቆረ። በፍሙ ሙቀት አደረቀችው፣ ኑግ ዘይት አስነካችው። ዓይኗን በየመሃሉ በክንዷ ትጠርግ ነበር፤ ጭሱ ነው ትላለች።

ያንን ጥቁር ውሃ አልደፋችውም። ተሸክማው ደጃፉ ድረስ ሄደች፣ ልጇ በምትሻገርበት መድረክ ላይ ቀስ አድርጋ አፈሰሰችው። ሰው ሁሉ «ምን እያደረገች ነው?» አለ። የሺሐረግ ግን ሽታው ደረሳት። ዓይነ ርግቧን ገለጠችና፣ «እማዬ፣ አባዬ አባዬ ይላል፣» አለች።

«አዎ፣» አለች እትዬ አንጓች። «ሊሸኝሽ ወጥቶ ነው።»

ከዚያ አንዱን ጉድጓድ ብቻ አጎረሰችው። ባሩዱን ጨመረች፣ እርሳሱን ጠቀጠቀች፣ ሞራውን ለቀለቀች፤ ሞራውም ኮራ ብሎ ተቀመጠ። ቆቧን ደፋች። ማንም ወደሌለበት ወደ ገደሉ ግድግዳ አዞረች። ከፀሐይዋ የቀረው የጥፍር ያህል ብቻ ነው።

ድም!

የዝግባ አምባ ውሻ ሁሉ ጮኸ። ገደሉ መለሰው፣ ማዶው መለሰው። ሴቶቹ እልል አሉ። ነጩ የባሩድ ጭስ በደጃፉ ላይ ተንሳፈፈና የሺሐረግ በጭሱ ውስጥ፣ በእርጥቡ መድረክ ላይ ተሻገረች።

ሳል አይጥ አስወጣ፣ አይጥ ድመት አስነሳ፣ ድመት ሞራ አወረደች፣ ሞራ ድንጋይ አራሰ፣ ድንጋይ መጥረቢያ ሳለች፣ መጥረቢያ ጉቶ ፈለጠች፣ ጉቶ እሳት መገበ፣ እሳት ውሃ አሞቀ፣ ውሃ ሽጉጥ አጠበ፣ ሽጉጥ ተኮሰ፣ ሙሽሪት ተሻገረች!

አያ ጓንጉል ቀሚሱን እያራገፈ፣ «በሉ እንግዲህ፣ የሙሽራዋ እናት መጥታ ትመርቀንና እንሂድ!» አለ።

«ቆዩማ፣» አለች እትዬ አንጓች፣ ሙቁን ውሃ እየቀዳች። «መጀመሪያ እሱን ልጠበው።»

ቆሙም። አያ ጓንጉልም ቆመ፤ በእግሩ፤ በቅሎዋ አላስጠጋ ብላዋለች። ሽጉጡ ታጥቦ፣ ደርቆ፣ ዘይት ነክቶት ተሰቀለ። ድመትና አይጥ ግን እስካሁን ይሮጣሉ ይላሉ።

በሉ፣ እኔ ጨርሻለሁ። ከመካከላችሁ ወንፊቴን የተዋሰ አለ፤ ማን እንደሆነ እሱም ያውቃል፣ እኔም አውቃለሁ። አፌ ደርቋል፤ መጀመሪያ ውሃ አምጡልኝ፣ ከዚያ ወንፊቴን።